ሳይወጣ የቀረው የዋንጫ ሁለት

ግርማዬ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከተለየኸኝ አሥር ዓመት አለፈ። ከቀበርንህ እንዳልል መቃብርህን አላሳዩኝም። ከመካኒሳ ድልድይ አጠገብ አስፋልት ዳር ጥለውህ አገኘንህ። ማልቀስ ክልክል ነበርና እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነከሰችው። ከዚያ መኪና መጥቶ ጭኖህ ሄደ። ይሄው ዛሬም የት እንዳለህ ሳላውቅ እጽፍልሃለሁ።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እናቴ አምና ክረምት አረፈች፤ እስከ መጨረሻው ስምህን እየጠራች። በሆዴ ትተሃት የሄድከው ልጅህ ቤዛ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ሲቆጧት ልክ እንዳንተ አንድ ቅንድቧን ታነሳለች። በላይነህ ዛሬም ጎረቤታችን ነው። የቀበሌውን ጠመንጃ ካስረከበ ቆየ፤ ግን የስኳር ሰልፍ ላይ ከፊቴ ቆሞ ማጅራቱን ሳይ እጄ ድንጋይ ይፈልጋል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ አልልም፤ አልፈልግም።

ትልቁ ወሬ ግን ወንድምህ ነው። ሰይፉ ተመለሰ! ሲዳሞ ቡና ሲለቅም፣ በሌላ ስም ሲጠራ ኖሮ፣ ባለፈው ወር ከስቶ ጢሙ ሸብቶ ከበሩ ቆመ። አሁን እሱን የሚፈልግ የለም፤ ያኔ በፖለቲካ የፈለጉት ሰዎች ራሳቸው ሲፈለጉ ከርመዋል።

በመጣ በሳምንቱ ቤዛ ከሳጥን ስር የመጫወቻ ካርታውን አገኘችው። ያንን ጣሊያኑ የጋራዥ ጌታህ ትቶልህ የሄደውን፣ ወርቅ፣ ዋንጫ፣ ጎራዴና ዱላ የተሳለበትን። እጇ ላይ ሳየው መትቼ አስጣልኳት። ልጅቷ ደነገጠች፤ እኔም ደነገጥኩ። ከዚያ አብረን ከወለሉ ለቀምን፤ ታዲያ ምን ላድርግ፣ ቁጭ ብዬ ማስተማር ጀመርኩ።

ታስታውሳለህ አይደል፣ ከገብርኤል መልስ እሁድ እሁድ አራት ሆነን ስንቀመጥ? አንተና እኔ ባንድ ወገን፣ እናቴና ሰይፉ ባንድ ወገን። ትሬሴቴ የሚሉትን የጣሊያን ጨዋታ ስንጫወት መጀመሪያ ጎራዴ ከተጣለ፣ ጎራዴ በእጁ ያለው ሁሉ ጎራዴ መጣል ነበረበት። እናቴ እያላት የለኝም ትላለች፤ ኋላ ከእጇ ሲወጣ ደግሞ ዓይኔ ፈዞ ነው ትላለች። ስለዚህ ብሪስኮላ የሚባለው ሌላው ጨዋታ ይሻላት ነበር፤ እዚያ የፈለጉትን መጣል ይቻላል፤ ለዚያ ዙር ገዢ ተብሎ የወጣው ዓይነት ሚጢጢ ካርታ እንኳ የሌላውን ትልቅ ይወስዳል። ሦስት ቁጥር ንጉሡን ሲበላ ባየች ቁጥር ንጉሥ መሆን በዚህ ዘመን አያዋጣም እያለች ታስቀን ነበር።

በላይነህንም ያስተማርከው አንተ ነህ። ያኔ ጠመንጃ አልያዘም፤ ምሽት ምሽት እየመጣ ከአንተና ከእናቴ ጋር ሦስተኛ የሚሆን ሰው ነበር። ብሪስኮላ ለሦስት ሲሆን አርባው ካርታ እኩል ስለማይደርስ ከአራቱ ሁለት ቁጥሮች አንዱ ቀድሞ ይወጣል፤ እኛ ቤት የሚወጣው የዋንጫው ነበር። እሱ ሁልጊዜ ይረሳል፤ አንተም ጭንቅላቱን በመዳፍህ መታ እያደረግህ ሁለቱን አውጣ እንጂ ትለዋለህ። በኋላ ላይ አልረሳም።

አንተን በወሰዱህ እሁድ፣ እኛ ቤት ተደብቆ የከረመውን ሰይፉን ካርታ ይጫወት ያለችው እናቴ ናት፤ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ትንሽ ይሳቅ ብላ። የውጭው በር በሰደፍ ሲደበደብ እሱ ከጓዳ በላይ ያለው ቆጥ ላይ ወጣ። አንተ ካርታውን ከአራቱም ቦታ ሰብስበህ ቀላቀልከው። በላይነህ ከነጓዶቹ ገባ። ማን ነው ሲጫወት የነበረው ሲል እናቴ እኛው ሦስታችን አለችው። ልክ እንደ ድሮው ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ካርታውን አንድ በአንድ ገለጠ። የወርቁን ሁለት፣ የጎራዴውን፣ የዱላውን፣ መጨረሻ የዋንጫውን ደረደራቸው። ከዚያ አንተን አይቶ ሳቀ። ግርማ፣ ለሦስት ሲሆን ምን ነበር ያስተማርከኝ አለህ። እኔ ያኔ ገባኝ፤ ሦስት ብንሆን ኖሮ የዋንጫው ሁለት ከካርታው መሃል አይገኝም ነበር። አንተም ገባህ፤ ፊትህን አይቻለሁ።

በሰደፍ አፍህን አለህ። ጥርስህ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፤ ደምህ ካርታው ላይ ተረጨ። ደገመህ። እናቴ ያንዱን እጅ ነክሳ ደም አወጣችው፤ በእርግጫ ግድግዳ ላይ ለጠፏት። እኔ ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ እጮሃለሁ። አንተ ግን በዚያ በተሰባበረ አፍህ፣ አዎ አራተኛ ነበረ፣ በጓሮ አጥር ዘሎ ወደ ወንዙ ወርዷል፣ ልምራችሁ አልካቸው። ዞር ብለህ አላየኸኝም። ብታየኝ ኖሮ እንደምይዝህ አውቀሃል።

ከወንዙ በኩል ተኩሱ ሲሰማ እናቴ ሰይፉን ከቆጡ አውርዳ፣ የገዛ ነጠላዋን አከናንባ በፊት ለፊት በር አስወጣችው። ከዚያ ተመልሳ ካርታዎቹን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች ሰበሰበች። ከዋንጫው ሁለት ላይ ግን ደምህ አልለቀቀም።

አሁን ወደ ባለፈው እሁድ ልመለስ። ሰይፉ፣ ቤዛና እኔ ተቀመጥን። ሰይፉ ካርታውን በውዞ ሊያድል ሲል ቆም አለ። ለሦስት ነው ብሎ የዋንጫውን ሁለት ፈልጎ አወጣ። ካርታዋን ከእጁ ነጠቅኩት። አየኝና ምን እንደመሰለው ታውቃለህ? እንባው መጣ። እኔ ነኝ የገደልኩት አለኝ። ገና ሲገቡ የቆጡ አቧራ አፍኖት ስሎ ነበር፤ ያችን ሳል ሰምተው ነው ወንድሜን የመቱት እያለ አሥር ዓመት ሙሉ በየቡናው ስር ራሱን ሲያርድ ኖሯል!

ማንም አልሰማህም አልኩት። እኔም እዚያው ነበርኩ፣ አልሰማሁም። ያስያዘችን ይቺ ናት አልኩት፤ ካርታዋን እጁ ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። ቤዛም ሰማች፤ አልከለከልኳትም።

ሰይፉ ካርታዋ ላይ የቀረውን ደምህን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ በጥርሱ ነክሶ ቀደዳት፤ ጠረጴዛውን በጡጫው እየደበደበ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም ያን ቀን ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። ጎረቤት ይስማ፣ በላይነህም ይስማ ብዬ ጮኼ አለቀስኩልህ። ቁርጥራጩን ከሰል ምድጃው ውስጥ ጨመርነው።

ቤዛ ጨዋታው ተበላሸ ብላ ተቆጣች። አልተበላሸም፣ ለሦስት ይበቃል አልኳት። ግርማዬ፣ አልረሳህም። ሌላ ካርታ ቢያመጡልኝም አልቀበልም። ቤዛ እኛ ቤት ሁለቶቹ ለምን ሦስት ብቻ እንደሆኑ ታውቃለች፤ እሷም ለልጆቿ ትነግራለች። እሁድ እሁድ ሦስት ሆነን እንጫወታለን። ከእንግዲህ ማንም መጥቶ ቢቆጥር የተደበቀ ሰው አያገኝብንም።

ባለቤትህ፣ አስካለ