የታከለ የክርስትና ስም

ማክሰኞ
ዛሬም ሰው ቀረ። ጠዋት ስም ስጠራ ከሚመልስልኝ ዝም የሚለኝ በዛ። እዚህ አዘዞ ዳር ለመንገዱ ድንጋይ የሚፈልጡልን ሰዎች፣ ጓደኛቸውን ታከለን ናዳ ከገደለው ወዲህ አንድ ባንድ ወደ ሌላ ኩባንያ እየሄዱ ነው። ምሳ ላይ ሁሉም መዶሻውን አስቀምጦ ሲበላ ታከለ ከሞተበት ጉድጓድ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ይሰማል ይላሉ። እኔ ካቦ ነኝ፣ የቄስ ልጅም ነኝ፤ እንዲህ ያለ ወሬ አላምንም። ግን ምሳዬን ራቅ ብዬ ነው የምበላው።

ረቡዕ
የኩባንያችን ባለቤት አቶ ሰይፉ ከከተማ በማኪና መጡ። ደመወዝ ጨመሩ። ሰዎቹ እግዜር ይስጥልን ብለው አመሰገኑ፤ ከሰዓት በኋላ ሌሎች መዶሻቸውን አስረክበው ሄዱ። አቶ ሰይፉ፣ ክረምቱ ሳይገባ ካልጨረስን ሥራውን ይነጥቁናል፣ ያን ጊዜ አንተም የለህም አሉኝ። ናዳውን እኔ ነኝ የላክሁት? ሚስቴ እርጉዝ ናት። ከዚህ ብባረር የት እገባለሁ?

ሐሙስ
ሰማሁት። በጠራራ ፀሐይ። የሁሉም እጅ ምግብ ላይ ነበር።

ሽማግሌውን ድንጋይ ፈላጭ አያ በላይን ጠየቅኋቸው። “ምነው፣ ፍትሐት ተደርጎለት የለ?”

“ለማን?” አሉኝ።

ለካ በቀብሩ ዕለት ቄሱ የክርስትና ስሙን ሲጠይቁ የሚያውቅ ጠፋ። እናቱ ያሉት ደንቢያ ነው፤ እስኪመጡ ሬሳው አይቆይም። አቶ ሰይፉ ቸኩለው “ገብረ እግዚአብሔር በሉት፣ ሁላችንስ የሱ ባሪያ አይደለን?” አሉ። በዚያው ስም ተፈታ።

“ጸሎቱ ለሌላ ሰው ሄደ” አሉ አያ በላይ። “እሱ ቆሞ ይጠብቃል። ነገ እኛንም ባገኙት ስም ሊሸኙን ነው።”

ዓርብ
ለአቶ ሰይፉ ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። የሸዋ ሰው ናቸው፤ “እኔስ እዚህ ብሞት ማን ያውቅልኛል?” አሉና ወደ ታከለ እናት እንድሄድበት ማኪናውን ሰጡኝ።

ከቆላ ድባ ወዲያ በእግር ነው። እናቱ ማቅ ለብሰው ደጃፍ ተቀምጠዋል። “በማን ስም ቀበራችሁት?” ብለው ጠየቁኝ። ስነግራቸው አላለቀሱም፤ ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው እውነተኛውን ነገሩኝ። “ለቄሱ ብቻ፣ ልጄ። ለሌላ እንዳታወጣው።” እዚህም አልጽፈውም።

እሑድ
ከቅዳሴ በኋላ መቃብሩ ላይ እንደገና ተፈታ። አቶ ሰይፉ በማኪናቸው እናቲቱን ከፊት አስቀምጠው፣ ራሳቸው ከኋላ ከጆንያ ጋር ተጭነው መጡ። ከእንግዲህ ሰው ቢጎዳ አስቀድሞ ቤተሰቡ ይመጣል፣ እናቱንም እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ እኔ እጦራለሁ ብለው በሰው ፊት ማሉ። ድምፃቸው ገበያ ላይ ዋጋ እንደሚከራከር ሰው ነበር፤ ቢሆንም እንባዬ መጣ። ቄሱ ስሙን ዝቅ አድርገው ሲጠሩ አያ በላይ “አሁን ሸጋ” አሉ።

ሰኞ
ከሄዱት ጥቂቶቹ ተመለሱ። ምሳ ላይ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ነፋስ ነው። ነፋስ ይመስለኛል።

ከዚያ አያ በላይ ወደ ጥግ ወስደውኝ የክርስትና ስማቸውን በጆሮዬ ነገሩኝ። “ምናልባት ናዳ ካገኘኝ” አሉ። ከሳቸው ቀጥሎ ሌላው መጣ። ከዚያም ሌላው። ሰው የሚደብቀውን ስም ሁሉም ሰጡኝ። አይሄዱም ማለት ነው፤ ሥራዬም ተረፈ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። እስከ ቤቴ ድረስ፣ አንዱም እንዳይጠፋኝ፣ የሕያዋኑን ስም እየደጋገምኩ ሄድኩ።