ለባለቤቴ ዋስ ለሆኑት ክቡር ዶክተር

ይድረስ ለክቡር ዶክተር ዲበኩሉ
አዳማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን አጥብቄ እጠይቃለሁ። በቴሌቪዥን እንደማይዎት ፊትዎ ሞላ ብሏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔና ልጄ ሲና ከባለቤቴ ከሚኪያስ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። ሚኪያስን ምናልባት ዘንግተውት ይሆናል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ረዳትዎ የነበረ፣ የመጽሐፍዎን ረቂቅ የተየበ፣ ባለፈው የካቲት ከደጃችን በመኪና የተወሰደ ሰው ነው።

ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ ምስጋናዬን በቁጥር አሳጥሬ አቀርባለሁ።

፩ኛ. በአዳማ ሙቀት ከረባትዎን ሳያላሉ፣ ታላቅ ሲገባ ተነሱ፣ የአባቶቻችሁን ሥርዓት ለፋሽን አትለውጡ እያሉ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ተማሪዎች ወግ አጥባቂ ነው ብለው ሲያሙዎት ሚኪያስ ከነሱ ጋር ይጣላልዎት ነበር። መንግሥት ይመጣል ይሄዳል፣ ሰውን ከሰው የሚያኖረው ሽምግልናና ዋስትና ነው ብለው የጻፉትን ገጽ በቃሉ ይለዋል። ፖለቲካ የገቡ ዕለትማ፣ ቃሉን የሚያከብር አንድ ሰው ገባልን ብሎ በደስታ አለቀሰ። ሞኝ ነበር፤ እኔም አብሬው ሞኝ ነበርኩ።

፪ኛ. ሽማግሌ ሆነው ሊጠይቁኝ መቂ ድረስ ስለመጡ አመሰግናለሁ። አባቴ ከሽንኩርት ማሳው ተጠርቶ መጥቶ ቁጭ በሉ ቢላችሁ፣ የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም ብለው ፀሐይ ላይ የቆሙት እርስዎ ነበሩ። ሚኪያስ ወንጂ በሸንኮራ አገዳ ሠራተኞች እጅ ያደገ ወላጅ አልባ ነውና፣ አባቴ ዘመዱን ለማላውቀው ሰው እንዴት አምኜ ልጄን ልስጥ አለ። እርስዎም እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው፣ ዋሱ እኔ ነኝ፣ አንድ ነገር ቢሆን ልጁን ከእኔ ፈልጉት አሉ። አባቴ የዳረኝ ሚኪያስን ሳይሆን እርስዎን አምኖ ነው።

፫ኛ. ከተሾሙ በኋላ በመሩት የሕዝብ ስብሰባ ላይ ሚኪያስ ያንኑ ገጽ ከመጽሐፍዎ አንብቦ፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ለታሰሩት የሰፈራችን ልጆች ዋሳቸው ማን ነው ብሎ ሲጠይቅዎ በትዕግሥት ስላዳመጡት አመሰግናለሁ። ፈገግ ብለው ማስታወሻ ሲይዙ አይቼ ኮርቼ ነበር። በሳምንቱ ወሰዱት። ያልጠየቅሁት ጣቢያ የለም፤ ሁሉም እኛ ዘንድ የለም ይሉኛል። ቢሮዎ ስመጣም ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና፣ ክቡርነታቸው ግለሰቡን አያውቁትም አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠት አቃተኝ። ሲና አባቷን ስትጠይቀኝ ሥራ ሄዷል እላታለሁ፤ ልጅ ናት፣ ለጊዜው ታምነኛለች። የከበደኝ አባቴ ነው። ከመቂ ሲደውል ስለ ሚኪያስ አይጠይቀኝም፤ ዋሱ ምን አለ ነው የሚለኝ። አላውቀውም አሉ ብዬ ልነግረው አልቻልኩም። ሽማግሌ በቆመበት የሰጠውን ቃል ይበላል ብሎ ሳያስብ እዚህ ዕድሜ የደረሰ ሰው ነው። ስለዚህ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ እየፈለጉት ነው እያልኩ በስምዎ እዋሻለሁ። ስልኩን ስዘጋ አለቅሳለሁ፤ ለባሌም፣ ለእርስዎም ነው የማለቅሰው፤ እንወድዎት ነበርና።

ሹመትዎን እንዲለቁ አልጠይቅም። አለ ወይም የለም ብቻ ይበሉኝ።

በሽምግልናዎ ባል ያገኘሁ፣ በሹመትዎ ዘመን ባል ያጣሁ፣ እስከ ዛሬም አክባሪዎ የሆንኩ፣
ሚልካ ቀልቤሳ

ማስታወሻ፦ የበር ጥበቃዎ ደግ ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከቢሮዎ ደጅ ቆሜ ሲያዩኝ የፕላስቲክ ወንበር ያወጡልኛል፤ እምቢ ስላቸው ቅር ይላቸዋል። እባክዎ ንቀት እንዳልሆነ ይንገሩልኝ። የመጣሁበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አልቀመጥም፤ ምክንያቱን ከእርስዎ የተሻለ የሚያስረዳቸው የለም።