«መጣን» ለሚሉን፣ ገና ላልደረሱልን

ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቅርቡ የተመረቀው የቢሮዎ ሊፍትም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አለኝ። በተለይ ሳንባዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ፤ ሰው ሳንባ እንዳለው የሚያውቀው ሲያጣው ነውና።

በአደጋ ጊዜ የመረጃ ልውውጥን ስለመምራት ሰሞኑን ያዘጋጁትን ሥልጠና በቴሌቪዥን ተመልክቼ እጅግ ተደስቻለሁ። አዳራሹ ያማረ፣ አበባው ትኩስ፣ የውሃው ጠርሙስ በየሰው ፊት የተሰለፈ ነበር። ኃላፊዎችዎ ለጋዜጠኛ እንዴት መልስ እንደሚሰጥ፣ ካሜራ ፊትም እጅ የት እንደሚቀመጥ ሲማሩ አየሁ። «ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ውሏል» የሚለውን በኅብረት ሲለማመዱማ ባለቤቴ ከኦክስጅን ጭምብሉ ሥር ሳቀ። ሳቅ ለእርሱ ክልክል ነው፤ ሳሉ ተነሥቶበት እስኪበርድለት ድረስ ጀርባውን ደግፌ ቆየሁ። ቢሆንም አመሰግናለሁ፤ ከሳቀ ሰንብቶ ነበር።

ባለቤቴን ላስተዋውቅዎ። የስፖርት መምህር ነበር፤ ሰፈሩ «ጋሽ ፊሽካ» ይለዋል። ፊሽካውን ሰምቶ ያልተሰለፈ ልጅ በሰፈራችን የለም። ዛሬ ፊሽካው ትራሱ ሥር ነው፤ የሚነፋበት ትንፋሽ ስለሌለው፣ ሲፈልገኝ የኦክስጅኑን ሲሊንደር ኳ ኳ ያደርግበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር ያለው የፍራሽ መደብር በጠራራ ፀሐይ በእሳት ተያያዘ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ባለቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ነበር። በሩን ዘግቶ፣ ከሥሩ እርጥብ ፎጣ ወትፎ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ደወለላችሁ። ጥሪ የምትቀበለው ልጅ «አይዞዎት አባቴ፣ መኪና እየላክሁ ነው፤ ስልኩን እንዳይዘጉ» አለችው። ሹፌሩ መኪናውን ከጣቢያው ሲያስወጣ በሬዲዮው «መጣን! መጣን!» አለ። ልጅቱም የደረሱ መስሏት «አባቴ፣ መጥተዋል፤ በሩን ይክፈቱላቸው» አለችው። ባለቤቴ ፎጣውን አነሣ፤ በሩን ከፈተ። ደጅ ቆሞ የጠበቀው ጭሱ ነበር። መኪናው ገና የገበያውን መስቀለኛ አላለፈም፤ ለእኛ ይቀርብ የነበረው ሌላው መኪና ደግሞ «እነ እገሌ ደርሰዋል» ተብሎ ከመንገድ ተመልሷል።

ክቡር ሆይ፣ «መጣሁ» የምትባለውን ቃላችንን እርስዎም ያውቋታል። ከወንበሩ ያልተነሣ ሰው «መጣሁ» ይላል፤ ከቤት የሚወጣውም «መጣሁ» ብሎ ይሄዳል፤ አንዳንዱም በዚያው ይቀራል። ቤት ውስጥ ስትባል ግፋ ቢል ሻይ ታቀዘቅዛለች። በሬዲዮ ስትባል ምን እንደምታደርግ ባለቤቴን ያየ ያውቃል።

አንደኛ፣ ስለ ፈጣን ቅጣትዎ ላመስግንዎ። ለሹፌሩም ለልጅቱም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጥተዋል። ሁለቱም ባለቤቴ ሳንባው በጭሱ ተጎድቶ ወደተኛበት ሆስፒታል መጥተው ነበር። ልጅቱ የብርቱካን ከረጢት እንዳቀፈች «እኔ እኮ መጣን ሲሉ ነው የሰማሁት» እያለች አለቀሰች፤ ሹፌሩም ግድግዳውን ተደግፎ «እኔስ ምን አልኩ? እየመጣን ነበራ!» አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ በማስጠንቀቂያ እንደሚታሽ ግን ከእርስዎ ተማርን።

ሁለተኛ፣ ስለ ሠልጣኞቹ ምርጫ አድናቆቴን ይቀበሉኝ። ሹፌሩ በሥልጠናው ቀን አዳራሹ ድረስ ሄዶ ነበር፤ ሠልጣኞቹን አድርሶ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሲጠብቃቸው ዋለ። ልጅቱ እንደ ወትሮዋ የአደጋ ጥሪ መቀበያው ስልክ ላይ ነበረች። ስለዚህ ዛሬ እሳት ቢነሣ ለጋዜጠኛ ምን እንደሚባል የሚያውቅ አለቃ ሞልቶናል፤ መነሣትንና መድረስን ለይቶ በሬዲዮ እንዲናገር የተማረ ግን አንድም የለንም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሉት አባቶቻችን፣ ውሻው ጅቡ ከሄደ በኋላ ስለሚጮህበት ዘዴ ሥልጠና ይወስዳል ብለው አልገመቱም።

ሦስተኛው አቤቱታ አይደለም፤ ትሕትናዬም ከዚህ አያልፍም። ፈርቻለሁ። ሐኪሙ የባለቤቴ ትንፋሽ አንድ ቀን እንደገና መዘጋቱ እንደማይቀር፣ ያን ጊዜም ቶሎ ሆስፒታል ካልገባ እንደማይተርፍ ነግሮኛል። ያን ቀን አምቡላንስ እንድትልኩልኝ የምደውለው ወደዚያው ቁጥር ነው፤ ሌላ የለኝም። የምታነሣውም ያቺው ልጅ ትሆናለች። ሲሊንደሩ ከባድ ነው፤ ከነሲሊንደሩ ደረጃ ማውረድ አይቻልም። «መጥተዋል» ስትለኝ አምኜ ጭምብሉን ላውልቅና ተሸክሜው ልውረድ? አምቡላንሱ ገና መስቀለኛው ላይ ከሆነስ? ወይስ ሳላምን እዚያው ላቆየው፤ እነርሱ በር ላይ ቆመው እኔን እየጠበቁ እንደሆነስ? ሌሊቱን ሁሉ የማስበው ይህንን ብቻ ነው። እባክዎ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ ሹፌሮቹንና ስልክ ተቀባዮቹን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ያሠልጥኗቸው። አበባው ይቅር። ሲነሡ «ተነሥተናል»፣ በር ላይ ሲቆሙ «ደርሰናል» ይበሉ፤ ሰሚውም የሰማውን መልሶ ይናገር። ሌላ የምለምንዎ ነገር የለኝም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ አዳራሽና ጭስ የማይወጣው ፎቅ እየተመኘሁ፣ በሁለት እጄ የባለቤቴን ጀርባ ስለያዝሁ በአንገቴ ብቻ እጅ የምነሣ፣

የጋሽ ፊሽካ ሚስት፣
ከሦስተኛ ፎቅ

ማስታወሻ፦ ቀደም ብዬ ላስገባሁት ማመልከቻ ጸሐፊዎ «መልሱ መጣልሽ» ብላኝ ነበር፤ እርሱንም በር በሩን እያየሁ እጠብቃለሁ። እስከዚያው ሥልጠናውን በቤታችን ጀምረናል። ፊሽካው ሲሊንደሩን ሲመታ ከማእድ ቤት «መጣሁ» ማለት ትቻለሁ፤ ዝም ብዬ እሮጥና፣ እጁን ከያዝሁ በኋላ ብቻ «ደረስኩ» እለዋለሁ። ደግሞም የጨነቀው ሰው «ኑልኝ» ብሎ ሲጮህ ሰምተው አያውቁም። ስለዚህ ይምጡልን አልልዎትም፤ ይድረሱልን።