ዘጠነኛው ጥያቄ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12። ከጠዋት ጀምሮ ካፊያ ነበር፤ የጤና ጣቢያው የጥናት ክፍል መስኮት አልገጥም ብሎ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። የነበርነው ጥናቱን የሚመራው ዶክተር፣ አዋላጇ፣ ስሌቱን የሚሠራው የኮምፒዩተር ባለሙያ፣ እና ቅጾቹን የምሞላው እኔ።

ውድ ሚጢጢዬ፣

ስልኬን አላነሳ ካልሽ ስምንት ወር አለፈ። አልፈርድብሽም። ዛሬ ብታነሺውም ምን እንደምልሽ አላውቅም ነበር።

ስብሰባው ላይ ዶክተሩ ውጤቱን አነበበልን። በሦስት ዓመት ውስጥ የእርግዝና ደም ግፊት አንቀጥቅጦ ከጣላቸው ሠላሳ አንድ ሴቶች ሃያ ሰባቱ ከዚያ በፊት ራስ ምታት አልነበራቸውም። «ስለዚህ ራስ ምታት አስቀድሞ አያስጠነቅቅም ማለት ነው» አለ። «ዘጠነኛውን ጥያቄ ከክትትል ቅጹ ላይ እናወጣዋለን። ሪፖርቱ ሰኞ ይሄዳል።»

«እሰይ፣ አንድ ጥያቄ ቀነሰልን» አለች አዋላጇ።

ሚጢጢ፣ ዘጠነኛው ጥያቄ «ራስ ምታት አለ?» የሚለው ነው። ከሃያ ሰባቱ አንዷ አንቺ ነሽ፤ ቅጽ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት። የሞላሁት እኔ ነኝ።

ይህን ነው ስምንት ወር በሆዴ የያዝኩት። እዚህ የገባሁት በጽዳት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ማንበብም የለመድኩት ከቅርጫት በማወጣቸው የተበላሹ ቅጾች ነው። አዋላጇ እስክሪብቶ የሰጠችኝ ቀን፣ «እታለም ጸሐፊ ሆነች፣ ከእንግዲህ በቀጠሮ ነው የምናገኛት» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ሥራውን እንዴት እንደምንሠራው ግን አልነገርኩሽም። ሰልፉ እስከ ውጭው በር ነው። ለእያንዳንዷ አሥራ ሁለት ጥያቄ ማን ይጠይቃል? «እንዴት ነሽ?» እንላለን። «ደህና ነኝ» ትላለች። ከሰባተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ድረስ «የለም» በሚለው ላይ ራይት፣ ራይት፣ ራይት። የሰው ሰላምታ ነው መዝግበን የከረምነው። ደግሞ ማናችንም ክፉ አልነበርንም፤ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

አንቺም መጣሽ። ፊትሽ አብጦ ነበር፤ ወፍረሽ መስሎኝ ደስ አለኝ። እስክሪብቶዬን ቅጹ ላይ እንዳደረግሁ «እንዴት ነሽ?» አልኩሽ።

«ደህና ነኝ እታለም። አንቺስ? ወገብሽን ተሻለሽ?»

ስድስቱንም ራይት አደረግሁ። በሩ ላይ ደርሰሽ ሻርፕሽን እያሰርሽ፣ «ብቻ ከትናንት ጀምሮ ራሴን እየፈለጠኝ ነው» አልሽ። እኔ ምን አልኩሽ? «ፀሐዩ ነው፣ ውሃ ጠጪ።» ቅጹ እኮ ገና እጄ ላይ ነበር! ሥርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ ይመለሳል፤ የእኔ ደግሞ ንጹሕ ነው እየተባልኩ እመሰገን ነበር። በአራተኛው ቀን ወደቅሽ። አንቺ ተረፍሽ፣ ልጅሽ አልተረፈም።

ይቅር በይኝና፣ አንቺንም እቆጣሻለሁ። ሰው ራሱ እየተፈለጠ ደህና ነኝ ይላል? ከእናታችን ነው የወረስነው። ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት ጠያቂዎቿን፣ «እኔስ ደህና ነኝ፣ ምነው እናንተ ከሳችሁ?» ትል አልነበር?

ዛሬ እጄን አወጣሁ። በሰባት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

«ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት ራሷን አሟት ነበር።»

«ቅጹ የለም ይላል» አለ ዶክተሩ።

«የሞላሁት እኔ ነኝ። አልጠየቅኋትም። ሌሎቹንም አልጠየቅናቸውም፤ እንዴት ነሽ ነው ያልናቸው።»

አዋላጇ አንገቷን ደፋች። የኮምፒዩተር ባለሙያው፣ «እማማ፣ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!» ብሎ ሳቀ። በሦስት ዓመት ቢበልጠኝ እንጂ አያንሰኝም፣ እማማ ይለኛል።

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። «እርስዎ በትዝታ ቅጽ ሊያርሙ ነው? ሴትየዋ ራሷ ካልተናገረች ቁጥሩ አይነካም።»

ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲናገሩ ማን ጠየቃቸውና! ቃሉን ያዝኩበት።

አርብ፣ ኅዳር 13። ካፊያው አባርቷል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ክፍሉን ከፈትኩ። ማንም አልነበረም። የሃያ ሰባቱን ሴቶች ቅጽ አወጣሁ። ሦስቱን ለብቻ አስቀመጥኩ፤ በሕይወት የሉም። ከቀሩት ለመጀመሪያዋ ደወልኩ።

«እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ ማን ልበል?»

ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። «አሁን ደህናውን ለጊዜው እንተወውና፣ ከመውደቅሽ በፊት ባሉት ቀናት ራስሽን አሞሽ ነበር?»

«ያኔ ለምን አልጠየቃችሁኝም?» አለችኝ።

ሰልፉ በዝቶ ነው ልል አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት። «አልጠየቅንሽም፣ ልክ ነሽ» አልኳት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና የነገረችኝን በራሷ ቃል ጻፍኩ። እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል አምስቱን አገኘሁ። አራቱን አሟቸው ነበር። ሰኞ ሪፖርቱ ሳይሄድ ቃላቸውን ይዤ ዶክተሩ ዘንድ እገባለሁ።

ከዚያ አንድ ባዶ ቅጽ አወጣሁ። ላዩ ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት ብዬ ጻፍኩ፣ ዘጠነኛውን ጥያቄ ክፍት ተውኩት፣ ቴምብር የተለጠፈበት የመመለሻ ፖስታ ጨምሬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያያዝኩት። ለሰኞ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ያንቺ ለሪፖርቱ አይደለም፤ ልጠይቅሽ ይገባኝ ስለነበር ነው።

በሩን ከፈትኩ። ሰልፉ ደርሷል። የመጀመሪያዋ ሴት ሆዷን ደግፋ ገብታ ተቀመጠች።

«እንዴት ነሽ?» አልኳት።

«ደህና ነኝ» አለች።

እስክሪብቶዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

እታለምሽ