ሰባተኛው መስመር

ለልጄ አባት፣ ጎንደር ላለኸው፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? አሁንም ታቃስታለህ ወይስ የምትሰማህ ሰው ስታጣ ተውከው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም እንዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም። ሩመይሳም ዳባት እህቴ ዘንድ ሆና ትምህርቷን ይዛለች።

ደስታዬን ብቻዬን ልይዘው አልቻልኩም። በስልክ ብነግርህ መሐል ላይ ትዘጋብኛለህ፤ ወረቀት ግን አይዘጋም። ስለዚህ ተቀመጥና እስከ መጨረሻው አንብብ።

ስንፋታ ሽማግሌዎቹ ፊት ያልከውን አትረሳውም። «ፔንሲዮኑን እሷ? ያለኔ ዓመት አትዘልቅም» አልክ። ሼህ ሰዓድም ለመገላገል ብለው «እንግዲያው ዓመት ትሞክረው። ቤቱ እንግዳ ካጣ ለሱ ይመለስ፤ ከቆመ የሷ ይሁን» ብለው ፈረዱ። እኔ ሞኟ ተስማማሁ። አንተም ተስማማህ፣ ያውም ፈገግ ብለህ። ያቺ ፈገግታ አሁን ነው የገባችኝ።

ከዚያማ ምን ልበልህ! አስጎብኚው ደውሎ «ሄሎ፣ ለነገ አራት ክፍል…» ሲል ድምፁ ይቆራረጣል። አንተው በኢንተርኔት እንዲሠራ ያደረግኸው ስልክ ነው። ሰውዬው ይሰለቸውና ሌላ ቤት ይይዛል። እንግዳው ከሰሜን ተራራው ካምፕ፣ ከሳንቃ በር፣ በብርድ ደንዝዞ ይወርድና ለእናቱ ፎቶ ልላክ ቢል አይሄድለትም፤ በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ ውልቅ ይላል። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ ስልክ ቢሮ እየሄድኩ ሠራተኛውን ትዕዛዙን እሰድባለሁ። ምስኪን! «እትዬ፣ መስመሩ እስከ በርዎ ድረስ ደህና ነው» ይለኛል። «በሬን አንተ የት ታውቀዋለህ!» እለዋለሁ። በመጨረሻ ሻሼን ከሩቅ ሲያይ በጓሮ መውጣት ጀምሮ ነበር። ላንተ የሚገባውን ስድብ ሁሉ እሱ ጠጣልህ። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ላንተ አዲስ አዘጋጅቻለሁ።

ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኢክላስ መጣች። የዳባቱ ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ የሀሚድ ልጅ፣ ኮምፒዩተር የተማረችዋ። ደባርቅ ሥራ ኖሯት እኔ ዘንድ አረፈች። ስልኬ ሲቆራረጥ ሰማችና «እትዬ፣ ገመዶቹ ሁሉ የሚገቡበት ስዊች የት ነው?» አለችኝ። ከደረጃው ሥር ድንች ወደምናስቀምጥበት ጓዳ ወሰድኳት። «እጅሽ እንዳይነካው፣ ቤቱን ታቃጥይዋለሽ» ያልከኝ ሳጥን! ዓመት ሙሉ ድንች ሳወጣ እንኳ ፊቴን አዙሬ ነበር የማልፈው።

ልጅቷ ላፕቶፗን ሰካች። ጉድህን ስማ፤ ፓስወርዱ ፋብሪካው የሰጠው ነው፣ ከሳጥኑ ሆድ ሥር ተለጥፏል! የደባርቅ አንደኛው የኮምፒዩተር ባለሙያ! አገሩን ሁሉ «ፓስወርድ ቀይሩ» እያልክ ስታስተምር አልነበር? የራስህንማ ለምን ትቀይር፤ ያ ሳጥን የተቆለፈው በኔ ፍርሃት ነበር።

ኢክላስ ውስጡን አየችና «እትዬ፣ ይሄ ብልሽት አይደለም፤ ሰው ያዘዘው ነው» አለችኝ። እንደ መነኸሪያ ወረፋ ነው ብላ አስረዳችኝ፤ ማን ቀድሞ ይሳፈር፣ ማን ቆሞ ይጠብቅ የሚለውን ሳጥኑ ነው የሚያዘው። አንተ የቢሮዬን ስልክ ከሁሉ ኋላ አሰልፈኸዋል። የእንግዶቹን ደግሞ ጎንደር ሆነህ በኢንተርኔት እየገባህ ቤቱ ሲሞላ ታንቀዋለህ፣ ባዶ ሲሆን ትለቀዋለህ። ከሁሉ ፊት ያስቀመጥከው ሰባተኛውን መስመር ነው፣ የውጭ በሩን ካሜራ። «ሰላይ! ስንት እንግዳ እንደገባ ሊቆጥር!» ብዬ ጮኽኩ።

ሦስት ቀን እየሠራች አስተማረችኝ፤ እኔም በሩመይሳ አሮጌ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ስልኬን ወደ ፊት አወጣነው። የእንግዶቹን ለብቻ፣ የቢሮዬን ለብቻ ለየን። ምንም ያልተሰካበትን ዘጋን። እያንዳንዱ መስመር የራሱን ዕቃ ብቻ እንዲያውቅ፣ ባዕድ ቢሰካበት እንዲቆለፍ አደረግን። ፓስወርዱን ራሴ ጻፍኩት፤ ኢክላስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከኔ ላፕቶፕ በቀር ሳጥኑን ማዘዝ የሚችል የለም። አስተማሪው አንተ ብትሆን ኖሮ እስካሁን ትጮህብኝ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ሽማግሌዎቹ መጡ። አንተ «ወገቤን አሞኛል» ብለህ ቀረህ፤ መልእክትህ ግን ደርሷል፦ «ቤቱ ሞቷል፣ ቁልፉን ታስረክበኝ።» ሼህ ሰዓድ «ምን ትያለሽ?» አሉኝ። «ምስክር አለኝ፤ ግን ከቦታው አይነቀልም፣ ከተነቀለ ያየውን ይረሳል» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ እሳቸውና ሌላው ሽማግሌ ጋሽ ሻረው ጎንበስ ብለው ጓዳው ገቡና የድንች ጆንያ ላይ ተቀመጡ። በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ከጎንደር ገብተህ ምን እንደቀየርክ፣ ሳጥኑ የመዘገበውን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው።

ጋሽ ሻረው አላመኑም። «የኔ ልጅ፣ አንቺው ጽፈሽው ቢሆንስ?» አሉ። ልመልስ አፌን ስከፍት ሳጥኑ ቀደመኝ። ላፕቶፑ ላይ አዲስ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ ከጎንደር ሊገባ የሞከረ፣ ተከልክሏል። ደግሞ ሌላ። ደግሞ ሦስተኛ። አንድ ቀን መታገስ አቃተህ?

«ይሄ ማነው?» አሉ ሼህ ሰዓድ። «እሱ ነው» አልኩ። «መቼ?» «አሁን፣ እርስዎ እዚህ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሳለ።» «አስተግፊሩላህ!» አሉ። ጋሽ ሻረው ሳቃቸው እያነቃቸው «ወገቡ ነው እንጂ የታመመው፣ እጁስ ደህና ነው» አሉ። እኔማ የሳቅኩት ሳቅ ጎንደር ድረስ ሳይሰማህ አይቀርም።

ቤቱ የኔ ሆኗል። አንተም በአካል መጥተህ ይቅርታ እንድትጠይቅ ተፈርዷል።

አንድ ነገር ግን አላነበብኩላቸውም። ካሜራው የራሱ መዝገብ አለው፤ ማን መቼ እንደተመለከተበት ይጽፋል። እንግዳ ልትቆጥር ብትሆን ከሰዓት በኋላ፣ መኪኖቹ ሲመጡ ነበር የምትከፍተው። አንተ የምትከፍተው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በየቀኑ፣ ሃያ ደቂቃ። በዒድ እንኳ አልቀረህም። «ልጁ ትምህርት ቤት ስትሄድ ሊያያት ይሆናል» ብዬ ልፈርድልህ ነበር። ሩመይሳ ግን ከመስከረም ጀምሮ ዳባት ናት፤ ፍራሿን ጭነህ ያደረስካት አንተው ነህ። በዚያ ሰዓት በሩ ላይ መጥረጊያ ይዞ የሚቆም አንድ ሰው ብቻ ነው።

ምንም አልልህም። ተንኮለኛ ነህ፣ ይሄን ማንም አያስተወኝም። ሌላውን ሁሉ ዘግቼብሃለሁ። ኢክላስ «ሰባተኛውስ?» ስትለኝ «እሱን እኔ አስብበታለሁ» አልኳት። አልዘጋሁትም። ከፊት ግን አውርጄዋለሁ፤ ከእንግዲህ ስልኬን አይቀድምም። ምስሉ ይደበዝዝብሃል፣ ይበልህ። ጥርት አድርጎ ማየት የፈለገ በእግሩ ይመጣል።

ደጁን አሁንም የምጠርገው እኔው ነኝ። ቀና ብዬ ግን አላይም።

አላህ ወገብህን ይማርልህ፣ ልብህንም ያቅናልህ። መንገድ ከወጣህ በሰላም ያግባህ።

የልጅህ እናት፣
ከደባርቅ