የሳም ክራብትሪ ደብተርና ጓደኞቹ እንዳይለያዩ

እኔ ሴድሪክ ባርስቶው፣ የጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ፣ ዮርክሽር ውስጥ ወንዝ ዳር ባለው ቤቴ ፎቅ ላይ ተኝቼ፣ አካሌ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ ኖቬምበር 9 ቀን 1998 የመጨረሻ ቃሌን ለጠበቃዬ ለሚስተር ፔል እናገራለሁ። ሐኪሙ ትናንት ልቤን አዳምጦ ሲያበቃ ዓይኔን ማየት አቃተው፤ ከዚያ በላይ ምን ይንገረኝ? የጎርፍ ማስጠንቀቂያው ከቀትር ጀምሮ ይጮኻል። ውኃው ሳሎን ገብቷል። ሚስተር ፔል የሚሰሙትን ሁሉ እንዲጽፉ ለምኛቸዋለሁ፤ እየጻፉ ግን ቀና ብለው ደረጃውን ያያሉ።

ሕጉን አስቀድመው ነግረውኛል። ሁለት ምስክሮች ባሉበት ካልፈረምሁ ይህ ወረቀት ከንቱ ነው፤ ምስክር ሆኖ የፈረመ ደግሞ ከተናዘዝሁለት ነገር ምንም አያገኝም። አንደኛው ምስክር እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው፣ ጎረቤቴ አርኖልድ ሆይል፣ ከድልድዩ ማዶ እየመጣ ነው።

አንደኛ፤ አልጋዬን በከበቡት የብስኩት ቆርቆሮዎች ውስጥ ያሉት የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች የደመወዝ ደብተሮችና የስንብት ወረቀቶች፣ አንድም ሳይነጠል ለከተማችን ቤተ መዘክር ይሁኑ። ዕድሜዬን ሙሉ ከየሟች ቤት ጨረታና ከየአሮጌ ዕቃ ሻጩ የለቀምኋቸው ናቸው። መንግሥት ያስቀመጠው መዝገባቸው በሁለተኛው ጦርነት ለንደን በቦምብ ስትደበደብ አብዛኛው ነድዷል። ለብዙዎቹ ወታደር ልጆች በደረት ኪሳቸው ይዘውት ከዞሩት በቀር የቀራቸው ማስረጃ የለም። በየደብተሩ መጨረሻ ለኑዛዜ የተተወች ገጽ አለች፤ ከነዚህ ልጆች አንዱ፣ ሳም ክራብትሪ፣ ወደ ግንባር ሊሄድ ሲል በእርሳስ፣ «ያለኝ ሁሉ ለእናቴ» ብሎ ጽፎባታል። ያችን ገጽ በገለጥሁ ቁጥር አለቅሳለሁ፤ አላፍርበትም።

ሁለተኛ፤ ልጄ ግራም መኪናዬንና የግድግዳ ሰዓቴን ይውሰድ፤ ከወረቀቱ ግን ብጣሽ አይንካ። የሳምን ሜዳልያ ከደብተሩ ለይቶ ለአንዱ ነጋዴ፣ ፎቶግራፉን ለሌላው ሸጦብኛል። «ተነጣጥሎ ሲሸጥ ነው የሚያዋጣው አባዬ፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለኝ። ሜዳልያውን ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁትም። ያለ ኑዛዜ ብሞት ግማሹ የእርሱ ነው፤ ምን እንደሚያደርገውም አውቃለሁ።

ሦስተኛ፤ ይህ ቤት ለልጄ ለሙሪየል ይሁን። እናቷ ከሞተች ወዲህ የጦረችኝ እርሷ ናት፤ ሌላ መጠለያም የላትም። ወረቀቶቹን አትወዳቸውም። ዛሬ ቆርቆሮዎቹን ከታች ተሸክማ ስታወጣ፣ «የኔን ልደት ረስተህ የነዚህን ሙታን ልደት በቃልህ ትወጣዋለህ፤ ጉድ እኮ ነህ አባዬ!» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው።

አራተኛ፤ ተቀባይ ያጣ ንብረቴ ሁሉ ለወረቀቶቹ መጠበቂያ ይዋል።

እዚህ ላይ ስልኩ ጮኸ። ሙሪየል አንስታ ሰማችና ዘጋችው።

«አርኖልድ ነው። ድልድዩ ተዘግቷል፤ ፖሊሶቹ አናሳልፍም ብለውታል።»

ከታች የሳሎኑ ጠረጴዛ ተንሳፍፎ ግድግዳውን ይደበድባል። ወዲያው መብራት ጠፋ። ሚስተር ፔል፣ «ነገ እንጨርሰዋለን» አሉ። ነገ የለኝም አልኋቸው። ፈራሁ፤ ለራሴ ሳይሆን ለቆርቆሮዎቹ።

ሙሪየል ሻማ ይዛ መጣች። «ብዕሩን ይስጡኝ። እኔ እፈርማለሁ።»

«ወይዘሪት፣ ከፈረሙ እኮ ቤቱን ያጣሉ።»

«ሰምቻለሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁም።»

«ተይ ሙሪየል» አልኋት። «የት ልትገቢ ነው?»

«አንተ ዝም ብለህ ፈርም። ወገቤ እስኪቆረጥ ያወጣኋቸው ግራም እንዲበታትናቸው ነው?»

ሦስተኛው ቃሌ እንዳይሰረዝ አዝዣለሁ። ሕግ ቢሽረውም ምን ልሰጣት ፈልጌ እንደነበር ተጽፎ ይቅር። ውኃው ደረጃውን ይዞ እየወጣ ነው። ስፈርም ክንዴን የደገፈችኝ እርሷ ናት።

ተናዛዥ፦ ሴድሪክ ባርስቶው

ምስክር፦ ኸርበርት ፔል፣ ጠበቃ

ምስክር፦ አርኖልድ ሆይል (ተሰርዟል)
በምትኩ፦ ሙሪየል ባርስቶው፣ የተናዛዡ ልጅ