እስክመረቅ ድረስ

ለታላቅ እህቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? በዚያ የአዲጋላ ሙቀት የጉልበትሽ ሕመም ለቀቅ አደረገሽ ወይስ አሁንም መድኃኒቱን ትተሽ በዘይት እያሸሽው ነው? አባባ ከባቡሩ ሥራ ያተረፈልን ቤትስ፣ ቆርቆሮው ነፋሱን ቻለ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከእንቅልፍ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት እንዳትይ። በደወልኩ ቁጥር ሪሐና አጠገብሽ ናት። ይህን እሷ እየሰማች ልነግርሽ አልችልም።

ትምህርቱ አልቋል፤ የመጨረሻውን ፈተና ባለፈው እሁድ ተፈተንኩ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ኢንሹራንስ ቢሮ፣ ቅዳሜና እሁድ ክፍል፣ ዓርብ ወንዶቹ ለጁምዓ ሲወጡ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ አሳይመንት ስሠራ፣ ይኸው የራሴን ሳምንት ማስተዳደር ሳልችል በማኔጅመንት ልመረቅ ነው። አለቃዬ ሻርማርኬ ወረቀቱን ይዤ ከመጣሁ የክፍል ኃላፊነቱ የእኔ እንደሆነ ነግሮኛል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

አንድ ቀን መምህራችን ኃይለልዑል፣ ሰው አንዱን ሲመርጥ የሚከፍለው ዋጋ የተወው ነገር ነው ብሎ ምሳሌ እንድንጽፍ አዘዘን። ስለ አንድ ሩዝ ነጋዴ ጻፍኩለት። ሙሉ ማርክ ሰጠኝ።

አሁን ያስጨነቀኝ መልእክትሽ ነው። የሪሐናን ልብስ ሻንጣ ውስጥ እንደከተትሽና መቼ እንደምወስዳት ጠየቅሽኝ። ልክ ነሽ። አባቷ ጥሎን የሄደ ጊዜ፣ ገና ጡት እንደተወች፣ እስክመረቅ ድረስ ብቻ ብዬ ነው ያስታቀፍኩሽ። አንቺ ቃልሽን ጠብቀሻል። እኔም ትንሽ አልጋ ገዝቻለሁ፣ ትምህርት ቤትም አይቼላታለሁ።

ግን በዒዱ የሆነውን አልነገርኩሽም።

ድሬዳዋ አድሬ ጠዋት አዲጋላ ስደርስ፣ ገና ከመኪና ስወርድ የሰፈሩ ልጆች ከበቡኝ። አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው የዒድ ብር እየለቀሙ ነበር፤ እንግዳ ሲያዩ መቼ ይለቃሉ! እየሳቅኩ አደልኳቸው። ከመሃላቸው ሪሐና ነበረች። በላክሽልኝ ፎቶ ላይ ያየኋት ያችው ወላቃ ጥርሷ። ተራዋ ሲደርስ እጄን ሳመች፣ ዒድ ሙባረክ አለችኝ፣ ብሯን ተቀብላ ቀጣዩ ቤት እንዳያመልጣት ሮጠች። ኔትወርኩን ታውቂዋለሽ፤ ድምፄን እንጂ ፊቴን ስንቴ አይታ ታውቃለች? ስሟን ልጠራ አፌን ከፍቼ ነበር። ዞር ብላ ማን ነሽ ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ።

ቤት ስገባ አንቺ እማማሽ መጣች ብለሽ ወደ እኔ ገፋ አደረግሻት። እሷ ቀሚስሽ ሥር ተወሽቃ፣ ከጎረቤት ልጆች በለመደችው ሶማልኛ፣ ሀበርያር ናት አለች። አክስቴ ናት ማለቷ ነው። ልጅ ናት ብለሽ ሳቅሽልኝ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ፊቴን ልታጠብ ብዬ ጓሮ ወጣሁ። ቧንቧውን እንኳ ሳልከፍት ፊቴ ረጥቦ ነበር።

ዒዱ አልፎ ወደ ሥራዬ ስመለስ እስከ መኪናው ተሸክመሻት መጣሽ፣ አንገትሽን እንዳነቀች። ትምህርቱ ስንት ወር እንደቀረው ጠየቅሽኝ። አጠያየቅሽ አልጠፋኝም። አላህ ከሆድሽ ልጅ ሳይሰጥሽ ያቆየሽ አንቺ፣ የእኔን ምረቃ በፍርሃት ትጠብቂ እንደነበር የዚያን ጊዜ ገባኝ።

ሻንጣውን ፍቺው፣ እህቴ። ለእሷ ስል ነው ብዬ አልመጻደቅም። ፈርቼ ነው። ያን አልጋ ላይ ተቀምጣ አንቺን እየተጣራች ስታለቅስ መስማት አልችልም። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ አሁን ተነስቼ ሄጄ ልጄን ነጥቄ ባመጣት ማን ይከለክለኛል እላለሁ። እንዲህ ስል ብደውልልሽ ስልኩን አታንሺ።

መስከረም ሲጠባ እዚያው አስመዝግቢያት። የእናቷን ስም ሲጠይቁሽ አትጨነቂ፤ የራስሽን ስጪ። ለምረቃዬ ሁለታችሁም ኑ፤ የካራማራን ተራራ ስትሻገሩ ያዞራታል፣ ሎሚ ያዥላት።

አላህ ዕድሜሽን ለእሷ ያርዝምልሽ፣ ቤትሽን የሳቅ ያድርገው፣ እኔንም ልብ ይስጠኝ።

ታናሽ እህትሽ፣
የሪሐና ሀበርያር